ነጭ የቀረችው ማይ ጽሕዲ

ማክሰኞ ዕለት የደም ግፊት መድኃኒቴን ልቀበል ዓይደር ሆስፒታል ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ፣ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ስሜን ከነአባቴ ጮክ ብላ ጠራችው። ከኋላዬ አግዳሚው ላይ የተቀመጠች፣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ያወረደች ሴትዮ ቀና ስትል አየሁ። መድኃኒቴን ይዤ ስመለስ መንገዴ ላይ ቆማ አገኘኋት።

«አንተ የካርታው ተሾመ አይደለህም?» አለችኝ።

እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ካጣሁ ብዙ ዘመን ስለሆነኝ ደነገጥኩ። ነጠላዋን ገለጥ አደረገችልኝ። «ሐዳስ ነኝ፤ የአቦይ ሐጎስ ልጅ፣ ከማይ ጽሕዲ። እንቋዕ ብሂወት ጸናሕካና፣ ኣያ ተሾመ!» በሕይወት ቆየኸን ማለቷ ነው። ከዚያ ሁሉ መዓት በኋላ እዚህ አገር ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚባባለው ይኸው ነው። ተቃቅፈን ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ያኔ ልጅ በጀርባዋ ያዘለች ቀጭን ሴት ነበረች፤ አሁን ጉልበቷን እያሻሸች ነው የምትቆመው። እኔም ያው ነኝ፣ ሰባውን ካለፍኩ ቆየሁ።

ሐዳስ እግሯን ለማሳየት ነው የመጣችው፤ ግን እኔንም ስትፈልገኝ ከርማለች። ማይ ጽሕዲ ላይ እንደገና የደን ፕላን ሊወጣ ነው። ታብሌት የያዙ ወጣት ባለሙያዎች መጥተው፣ መንደሩንና አንድ የጣውላ ኩባንያን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ ከተራራው የቱ ለመንደሩ፣ የቱ ለኩባንያው ተከላ እንደሚሆን ያነጋግራሉ። ድሮ የመንደሩ ጥብቅ ደን የነበረበት ቦታ ተለይቶ ከታወቀ ኩባንያው እንደማይነካው፣ ታጥሮም አገር በቀል ችግኝ እንደሚተከልበት ተስማምተዋል። ማስረጃ አምጡ ሲባል ግን ችግር መጣ። ዛፉ የለም። ምንጩ የለም። ድንበሩን በእግራቸው የሚያውቁት ሽማግሌዎችም አልቀዋል። «እኛ ያለን አፍ ነው፤ እነሱ ወረቀት ይላሉ» አለች ሐዳስ። «እኔ ግን ተሾመ የሣለው ካርታ የሆነ ቦታ አይጠፋም ብያቸዋለሁ። አለህ፣ አያ ተሾመ?»

አለኝ። አልጋዬ ሥር፣ በቆርቆሮ ቱቦ ውስጥ፣ አለኝ። አፌ ግን «እስቲ ልፈልግ» አለ። ሐሙስ ቤቴ መጥታ እንድታየኝ ተቀጣጠርንና ተለያየን። የሚፈለግ ነገር አልነበረም፤ ለመፍራት ሁለት ቀን ስለፈለግኩ ነው።

ወደ ቤት ስመለስ የተሳፈርኩባት ባጃጅ አንድ አናጢ ቤት ደጃፍ ላይ ተበላሽታ ቆመች። ሹፌሩ ወርዶ ሲነካካ እኔ ከኋላ ሆኜ የበለስ ሻጮቹን አያለሁ። ወሩ የበለስ ነው፤ ሴቶቹ ባልዲያቸውን ከፊታቸው አድርገው፣ እሾሁ የማይወጋ ይመስል በባዶ እጃቸው እያገላበጡ ይልጣሉ። አናጢው በዚህ መሐል መላጊያውን አስኬደና ያ ሽታ መጣ። ጽድ ነው፣ እነሐዳስ ጽሕዲ የሚሉት። አሁን ጽድ ከየት እንደሚያገኙ እንጃ፣ ምናልባት የፈረሰ ቤት ምሰሶ ይሆናል። ጽድ እንደሆነ ግን አርባ ዓመትም ደርቆ ሲላግ ያንኑ ይሸታል። አፍንጫዬን በጋቢዬ ጫፍ ያዝኩ። ሹፌሩ «አባባ፣ አቧራው ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ወደዚህ ከተማ የመጣሁት ከደሴ ነው፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ካርታ ነዳፊ ሆኜ፣ አፍሮዬን አጎፍሬ። መቀሌ ያኔ በጋሪ የምትዞር ከተማ ነበረች። ከገበያው እስከ ሮማናት በጋሪ አሥር ሳንቲም ነው፤ ፈረሱ ዳገቱ ላይ ሲደክም ወርደህ ትገፋለህ፣ ለገፋህበት ቅናሽ የለም። ጨው የጫኑ ግመሎች ከአፋር በረሃ ወጥተው ሲገቡ ከተማው ሁሉ ቆሞ ያሳልፋቸዋል፤ ግመል ክላክስ አያውቅም። ቤቱ ሁሉ ድንጋይ ነው፣ ደሴ ከነጭቃዋ ለለመደ ሰው ገና ያልተቀባ የሚመስል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን የማር ሰፈፍ የሚመስል ድንጋይ። ሮማናት አደባባዩ ጥግ ላይ አንድ ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ በስሙኒ ይሸጣል፣ ሕምባሻ ከተጨመረ ስሙኒና አሥር ነው። ባለቤቷ አንድ ቴፕ ነበራት፣ አንዱን የክራር ዘፈን ጧት ታስጀምረዋለች፣ ማታ ስትዘጋም እሱ ነው የሚዘፍነው። ግጥሙን ሳይገባኝ በቃሌ ያዝኩት። ትግርኛ የተማርኩት ከዚያ ዘፈንና ከለተ ነው።

ለተብርሃን የዚያው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። የጽሕፈት መኪናዋ ድምፅ ከመንደፊያ ክፍሌ ግድግዳ ባሻገር ይሰማኛል፤ ሲቆም የምን ወሬ ይዛ ነው እላለሁ። «ዓይናለም» በል ትለኛለች፤ «አይናለም» እላለሁ። «ከጉሮሮህ አውጣው፣ ሰው ሊበላህ ነው?» ብላ ትስቅብኛለች። አርባ ዓመት አብረን ኖረን አንድም ቀን እንደፈለገችው አላወጣሁላትም፤ የምንኖረው ደግሞ ዓይናለም ነው። ቴትሮን ሸሚዝ፣ ታቹ ሰፋ ያለ ሱሪና አንዲት ጫፏ ሾል ያለች ጥቁር ጫማ፣ የዚያን ዘመን ሀብቴ ይኸው ነበር። ጫማዋን ለቀለበት ማሰሪያችን ፎቶ ብዬ በሠላሳ ብር ነበር የገዛኋት፤ ከደመወዜ ላይ ያቺ ስትነሣ ለወሩ የተረፈኝ ሻይና ሕምባሻ ብቻ ነበር። ጫማዋ ከማብራቷ የተነሣ ፊቷ ላይ አጎንብሰህ ፀጉርህን ማበጠር ትችላለህ።

ማይ ጽሕዲ በዚያው ሰሞን የገባሁባት መንደር ናት። አንድ የጣውላ ድርጅት ከተራራው ላይ አጣና የሚያወጣበትን ባሕር ዛፍ ሊተክል ፈለገ፤ መሥሪያ ቤታችን ደግሞ ገበሬው ሳይስማማ አይሆንም አለ። ያኔ ገበሬን ማማከር አዲስ ነገር ስለነበር ኃላፊያችን በዚህ በጣም ይኮራ ነበር፤ እኔም ኮርቼ ነበር። ሥራው እንዲህ ነው፦ የመንደሩ ሰው አውድማ ላይ ይሰበሰብና አገሩን መሬት ላይ ይሠራዋል። ቤቱ በድንጋይ፣ መንገዱ በጭድ፣ ድንበሩ በአመድ፣ ግጦሹ በእበት ነው። የእኔ ድርሻ ያንን እያየሁ ወረቀት ላይ ማስፈር ነበር፤ ለመንደሩ አረንጓዴ፣ ለድርጅቱ ቡኒ፣ ለግጦሽ ቢጫ። አመዱን በእፍኟ እየረጨች ድንበር የምታወጣው ሐዳስ ነበረች። እጇ ቀጥ ያለ ነው፣ ከእኔ ማስመሪያ አያንስም። አባቷ አቦይ ሐጎስ በትሩን ተደግፎ «ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ» ይላል፤ የሦስቱ ጎጥ ሽማግሌዎች ካልተስማሙ አመዱ ተጠርጎ እንደገና ይረጫል። ስድስት ቀን ፈጀ። በስድስት ቀን ውስጥ አንድም ሰው በሌላው ላይ ሲጮህ አልሰማሁም፤ ቢሮ ስመለስ ነበር ጩኸቱ የሚሰማኝ።

አቦይ ሐጎስ አማርኛ ይችላል፤ በወጣትነቱ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ ከጎጃሞች ጋር ሠርቷል። «ወደይ» ነው የሚለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። ጥያቄዬ በዛ ብሎ አንድ ቀን አልተሰላቸም፤ እንዲያውም ያላወቅኩትን ሳልፍ «ይህን አልጠየቅህም» ብሎ ይመልሰኛል። አውድማው መሐል ላይ ግን፣ ወደ ተራራው ወገብ በሚሆነው በኩል፣ አንድ ምንም ያልተቀመጠባት ባዶ ቦታ ነበረች። ድንጋይ የላት፣ አመድ የላት፣ ጭድ የላት። በዙሪያዋ ያለው ሁሉ ተለይቶ ስለተሠራ እሷ በራሷ ቅርጽ ይዛ ወጣች፤ እንደ ኩላሊት ያለች። ቀና ብዬ ተራራውን ሳይ በዚያ በኩል ጥቁር የሚመስል ደን ይታየኛል፤ መንደሩ የሚጠጣበት ምንጭ ከዚያ እንደሚወርድ አውቃለሁ።

ስድስተኛው ቀን የመጨረሻው ነበር፤ ወረቀቱን ከመሬቱ ጋር ማመሳከሪያ። በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ከለተ ጋር ሮማናት አጠገብ ካለችው ፎቶ ቤት ቀጠሮ ነበረኝ። ከመንደሩ መልስ ጊዜ አይኖረኝም ብዬ ለብሼ ነው የሄድኩት፤ ሸሚዙን፣ ሱሪውን፣ ጫማዋን። አመዱን እንዳልረግጥ እግሬን እያነሣሁ ስራመድ ሐዳስ ከት ብላ ሳቀች። «ጫማህ ከእኛ ካርታ በልጦብሃል!» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ባዶዋን ቦታ በበትር አሳይቼ «አቦይ ሐጎስ፣ ይቺን ምን ላድርጋት?» አልኩት።

«እሷ መሬት ላይ አትቀመጥም።»

«ለምን?»

ተራራውን አየና እጄን ያዘኝ። «ና፣ ወጥተን ላሳይህ። እዚያ ሥሯ ቆሜ ስነግርህ ይገባሃል። ሩቅ አይደለም፣ ጭቃዋን ካለፍን ጥላ ነው።»

ምንጯ የምትወርድበት መንገድ ጭቃ ነው። ከጭቃው ወዲያ እሾህ ነው። ዝቅ ብዬ ጫማዬን አየሁ፤ ከዚያ ሰዓቴን አየሁ። «ሌላ ቀን፣ አቦይ» አልኩት። «ዛሬ ቸኩያለሁ።» እጄን ለቀቀ። «ሕራይ፣ ወደይ፣ ሌላ ቀን» ብሎ እሺ አለኝ፤ ምንም ቅር አላለውም፣ ሌላ ቀን ያለ መስሎታል። ላንድሮቨሯ ላይ ወጣሁ። በመስኮት ሳይ በትሩን ይዞ አሁንም ወደ ተራራው ዞሮ ቆሞ ነበር።

በማግስቱ ኃላፊዬ ጠረጴዛዬ ላይ ካርታውን ዘርግቶ «ይህ ነጩ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ገበሬዎቹ ምንም አላስቀመጡበትም። ግን ጌታዬ፣ የምንጫቸው ደን ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል? ወጥተህ አይተኸዋል?»

«አላየሁትም።»

«ታዲያ ያላየኸውን ምን ብለህ ትጽፋለህ?» ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራ የበዛበት ሰው ነበር። እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገና፣ ከካርታው ሥር በደቃቁ እንድጨምር አንድ መስመር ነገረኝ፦ ቀለም ያልተቀባ ቦታ በድርጅቱ ይለማል። እጅ ጽሑፌ በመሥሪያ ቤቱ የታወቀ ነበር። በቻይና ቀለም፣ ቀስ ብዬ፣ አንዷም ፊደል ሳትንጋደድ ጻፍኩት። ስጽፍ ሆዴ አንድ ነገር ብሎኛል። አልሰማሁም ብል ውሸት ነው። ግን ሠርጌ ደርሶ ነበር፤ ለሠርግ ፈቃድ ልወጣ ነው፤ ስመለስ እነግረዋለሁ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ጣታቸውን በቀለም ነክረው ሲፈርሙ እኔ እልፍኝ ውስጥ ሙሽራ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ስመለስም ካርታው ተፈርሞ መዝገብ ቤት ገብቶ ነበርና ዝም አልኩ።

ከሠርጋችን በኋላ አንድ ቅዳሜ ሮማናት ሻይ ቤቷ ደጅ ከለተ ጋር ተቀምጠናል። አንድ የጭነት መኪና ግንድ ጭኖ አደባባዩን ዞረ፤ ቅርፊቱ ገና ርጥብ ነው። ከኋላው ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ሽታው ሻይ ቤቷ ድረስ ገባ። ለተ ዓይኗን ጨፍና ሳበችው። «ወይ ጉድ፣ እንዴት ደስ የሚል ሽታ ነው!» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ከዚያ የበለጠ ሽታ አላውቅም። ብርጭቆዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ግንዱ የት ተቆርጦ እንደመጣ ማንም ሳይነግረኝ አውቄያለሁ። ምን ሆንክ አለችኝ፤ ራሴን አሞኛል አልኳት። ያ የመጀመሪያው ውሸቴ ነው፣ ከእሷ ጋር እስከ መጨረሻው የኖረ።

ከጥቂት ቀን በኋላ የማይ ጽሕዲን ስም ሳልጠራ፣ አገሬው ለክፍፍል ሲቀመጥ አንድ ቦታ ባዶ ቢተው ምን ማለት ይሆን ብዬ ጠየቅኳት። ለተ የዚያው አገር ልጅ ናትና ሳትጨነቅ መለሰችልኝ። በአያቶቿ ዘንድ ሽማግሌ ፊት መሬት ላይ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ለክፍፍል የቀረበ ነው፤ ትንሽም ቢሆን ከሱ ላይ ልትለቅ ተዘጋጅተሃል ማለት ነው። የማትለቀውን አታስቀምጠውም፤ ስሙንም አትጠራም፤ ሌላውም ወገን አይጠይቅህም። «ባዶ የተተወማ» አለችኝ «የሚከበር ነው እንጂ።» ከዚያ ትየባዋን ቀጠለች። አቦይ ሐጎስ ጭቃውን ተሻግሬ ብሄድለት የሚነግረኝ ይህንን ነበር።

አንድ ጧት ዘበኛው አንድ ሽማግሌ ይፈልጉሃል ብሎኝ በመንደፊያ ክፍሉ በር ሽንቁር ሳይ፣ አቦይ ሐጎስ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ጫፍ ተቀምጧል። የክት ጋቢውን ለብሷል። በሁለት እጁ በቅጠል የታሰረ አንድ ትንሽ ቅል ይዟል። ሊወቅሰኝ መጣ አልኩ። በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነው አልኩ። ዘበኛውን «የለም፣ መስክ ወጥቷል በላቸው» አልኩት። ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ፣ ምሳ ሰዓት ድረስ አልተነሣም፤ እኔም ከመንደፊያ ጠረጴዛዬ ሥር የገባሁ ያህል ተኮራምቼ ቁጭ አልኩ። በመጨረሻ ቅሉን ለዘበኛው ሰጥቶ ሄደ። ነጭ ማር ነበር። «የሠርግህ ነው፣ ስለዘገየ ይቅር በለኝ ብለዋል» አለኝ ዘበኛው። ለተ ግማሹን ለእናቷ ላከችላት፤ ግማሹን እኛ በላነው። ጣፋጭ ነበር። ሥራውን ትቼ ወደ መንገዶች ክፍል እንዲያዛውሩኝ ያመለከትኩት በዚያው ወር ነው፤ ማይ ጽሕዲንም ዳግመኛ አልረገጥኩም። ምንጯ በጥቂት ዓመት ውስጥ ደረቀች ሲባል ሰማሁ፤ ባሕር ዛፉም አልቆየም፣ ተቆርጦ አለቀ፣ ድርጅቱም ፈረሰ። የመንደሩ ሴቶች ውኃ ፍለጋ እስከ ሸለቆው ይወርዳሉ ተባለ።

ካርታውን ያገኘሁት መሥሪያ ቤቱ ሲታጠፍ ነው፤ አሮጌ ወረቀት ሲጣል ከክምሩ ውስጥ ጎትቼ አወጣሁት። ለምን እንደወሰድኩት ራሴም አላውቅም። በዚያ ጦርነት በተዘጋንበት ጊዜ፣ መብራቱም ባንኩም ስልኩም በጠፋ ጊዜ፣ ከሰል ማቀጣጠያ አጥተን የድሮ ንድፎቼን አንድ በአንድ አነደድናቸው። የመንገድ፣ የድልድይ፣ የትምህርት ቤት፣ ሁሉም ነደደ። ለተ የቆርቆሮውን ቱቦ አንሥታ «ይኸስ?» አለችኝ። «እሱ ይቆይ» አልኳት። ምንም አልጠየቀችኝም። የስኳር መድኃኒቷ ያለቀው በዚያ ሰሞን ነው። ሰው ሁሉ ያጣውን እኔም አጣሁ፤ ከማንም የተለየ አልደረሰብኝም። ግን አንዳንዴ፣ ነግሬያት ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ያ ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እያለ እንዴት አድርጌ እነግራታለሁ? የሕይወቷ ቆንጆ ቀን ነው የምትለው ያንን ቀን ነበር።

ሐሙስ ሐዳስ በፌስታል በለስ ይዛልኝ መጣች። የቧንቧ ውኃ ከጠፋ አሥራ ሁለተኛ ቀናችን ስለሆነ እጇን የምትታጠብበት ከጀሪካን ቀድቼ ሰጠኋት። የከተማው ጉድጓድ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ዓይናለም ሆኖ የምንጠማው እኛ ነን ብዬ ላስቃት ሞከርኩ፤ አልሳቀችም። ቱቦውን ከአልጋ ሥር አወጣሁና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አራቱን ማዕዘን በስኳር ጣሳና በመድኃኒት ብልቃጦቼ ጫንኩት። ቀለሙ ደብዝዟል፤ አረንጓዴው ቢጫ ሊሆን ምንም አልቀረው። ነጩ ግን ነጭ ነው።

ሐዳስ ጣቷን ዳር ዳሩን አስኬደችው። አመድ ስትረጭ እንደነበረችው ሳትቸኩል ነው። «ይኸውልህ የገብረ እግዚአብሔር ድንጋይ... ይኸው የመቃብሩ ጥግ... እዚህ ጋ እናትየዋ ጽሕዲ፣ አራት ሰው የማያቅፋት... ምንጯ ከሥሯ ነበረች።» ጣቷን እዚያው ላይ አሳረፈች። «ኣታ፣ ተሾመ! እንዳለች አስቀምጠህልናል! አንድ ክንድ አላሳሳትክም! ይህን ካዩ ምን ይላሉ? አለቀ እኮ፣ ተመለሰችልን!» ወደ እኔ ዞራ እጄን ልትስም ጎንበስ አለች። እጄን ሰብስቤ ሸሸሁ። ያን ጊዜ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መነጽሯን አስተካክላ ወደ ሥሩ ወረደች። «ይህች ደቃቋ ጽሑፍ ምን ትላለች? ዓይኔ አይዛትም።»

የካርታው ልኬት ነው ልላት እችል ነበር። ሥሩን አጥፌ ልሰጣትም እችል ነበር። ባለሙያዎቹ ግን ማንበባቸው አይቀርም፤ ደግሞም የመዋሸት ጉልበቴ ያለቀ ይመስለኛል። አነበብኩላት። ቀለም ያልተቀባ ቦታ በድርጅቱ ይለማል።

ሐዳስ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «የማን ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ።»

«ከመፈረማቸው በፊት?»

«ከመፈረማቸው በፊት። አባትሽ ና ውጣ ሲለኝ ብወጣ ኖሮ ለኃላፊዬ የምለው ነበረኝ። አይተኸዋል ወይ አለኝ። አላየሁትም አልኩ።»

ጣቷን ከወረቀቱ ላይ አነሣች። ውጪ አንድ ባጃጅ አለፈ፤ የጎረቤት ሴትዮ ልጇን ጠራች። ሐዳስ ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር፣ ግን ቁጣ አለበት፤ አልደበቀችውም። «አባቴ ቢሮህ የመጣ ጊዜ ሊወቅስህ መስሎህ ነበር?»

«አዎ።»

«ደኗ ግማሿ ገና ቆማ ነበር እኮ። ወንዶቹ መጥረቢያውን እንነጥቅ ሲሉ እሱ ነው የከለከላቸው። ‹ተሾመ ያውቀናል። አንድ ቃል ቢናገርልን ያቆማሉ› ብሎ ሌሊት ተነሥቶ በእግሩ ነው የመጣው። ባዶ እጄን አልሄድም ብሎ የቀረችውን ቀፎ ቆረጣት። ‹መስክ ወጥቷል አሉኝ፣ ሲመለስ ይመጣል› አለን። ቆመን ጠበቅንህ። ከዚያ ማታ ማታ የመኪናውን ድምፅ ስንሰማ እሱ ነው እያለ ይወጣ ነበር።»

አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በሰው ፊት፣ አፌን ከፍቼ አለቀስኩ። አላባበለችኝም፤ እንድታባብለኝም አልጠበቅኩም። ስጨርስ ተነሥታ ወረቀቱን ጠቀለለች፤ ጥንቃቄዋ አልተለወጠም። ቱቦው ውስጥ አስገብታ ክዳኑን ገጠመችና ብብቷ ሥር ያዘችው። «የፊታችን ሰኞ ነው ስብሰባው» አለችኝ። «ባለሙያዎቹ ‹ይህ ነጭ ምን ነበር› ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ብናገር ያቺ አሮጊት ይላሉ። የጻፈው ሰው ራሱ መጥቶ ይናገር።»

«ጉልበቴ ያንን ተራራ...»

«መኪና ይወስድሃል። እስከ ጭቃው። ጭቃም የለም አሁን፣ ደርቋል።»

«እመጣለሁ» አልኳት። ልትወጣ ስትል ከበሩ አጠገብ ፎቶውን አየችው። ቆመች። ለተ በጥልፍ ቀሚሷ፣ እኔ በአፍሮዬ፣ ከጀርባችን በቀለም የተሣለ ባሕርና ዘንባባ። ሐዳስ ተጠግታ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ነፍሷን ይማር፣ ቆንጆ ነበረች» አለች። ከዚያ «ያን ቀን ነው?» አለችኝ።

«ያን ቀን ነው።»

ጉልበቷን ይዛ ዝቅ አለች፤ የፍሬሙን ታችኛ ጠርዝ በጣቷ ጠረገችው። «ጫማውስ የታለ?»

«ፎቶ አንሺው» አልኳት «እስከ ወገባችን ነው ያነሣን።»